የቡርቃ ዲማ መስኮት

አብነት ሰፈር ታየች የምትባል ባለሱቅ አለች፤ የሱቋ መስኮት ግን የሱቅ መስኮት አይደለም፤ የባቡር ጣቢያ ትኬት መቁረጫ ነው። አባቷ አቶ ዓባይነህ ከአዋሽ ማዶ የቡርቃ ዲማ ጣቢያ ሹም ነበሩ። ጣቢያ ይባል እንጂ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ነበር፤ ያም ሆኖ ባቡር ሲደርስ አገር ምድሩ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ባቡሩ ቀርቶ ሰው በሩንም ቆርቆሮውንም ነቃቅሎ ሲወስድ፣ እሳቸውም አንድ ቀን ተመልሰው ይቺን መስኮት ተሸክመው አዲስ አበባ፣ አብነት ገቡ። ምነው እዚያው በቀረች!

ዘንድሮ አቶ ዓባይነህ አልጋ ከያዙ ወዲህ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን አንዲት አቧራ የለበሱ አሮጊት መስኮቷ ላይ መቆም ጀመሩ። ሳሙና አይሉ፣ ዘይት አይሉ፤ ሹሙ አሉ ወይ ብለው ብቻ ይጠይቃሉ። ታየች ቤታቸው የጠፋባቸው መስሏት አዘነችላቸው። በሦስተኛው ቀን ግን ከኋላቸው ስድስት ሰው ተሰልፏል። ዝናቡ አስፋልቱን እያጠበው የሁሉም እግር ግን ደረቅ አሸዋ እንደለበሰ ነበር።

ለአባቷ ብትነግራቸው ፊታቸው አመድ መሰለ። በጣቢያው የመጨረሻ ቀን ለሰባት ሰው ትኬት ቆርጠው ነበር። ወዲያው ባቡሩ እንደቀረ በስልክ ተነገራቸው፤ ሰዎቹን ፊት ለፊት አይቶ መናገር ግን ከበዳቸው። ይመጣል፣ ጠብቁ ብለዋቸው በጓሮ ወጥተው በጭነት መኪና ሄዱ። ሰባቱም ለዓመታት ወደ ጣቢያው ሲመላለሱ አርጅተው፣ አንድ በአንድ አፈር እንደገቡ በኋላ ሰሙ።

"ሊወስዱኝ ነው የመጡት፣ ልጄ" አሏት።

ታየች ከእሳቸው በቀር ማን አላት? መስኮቷን እንዲነቅልላት አናጢ ጠራች፤ እሱም በቀዳዳዋ ወደ ውጭ አየት አደረገና መዶሻውን እንኳ ሳይዝ ሄደ።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ አሮጊቷ መጥተው ያንኑ ጠየቁ።

"የሉም እናቴ። አሁን ሹሟ እኔ ነኝ" አለች፤ አባቷን ያዳነች መስሏት።

አሮጊቷ ትኬታቸውን በቀዳዳዋ አሾለኩላት።

"እንግዲያው አንቺ ንገሪን። ባቡሩ ይመጣል?"

አይመጣም ልትል አፏን ከፈተች። ሰባቱም ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

"ይመጣል፣ ጠብቁ" አለች።

ከስንት ቀን በኋላ አባቷ እፎይ ብለው ሲያንኮራፉ ሰማች። ሰዎቹም ጓዛቸውን አውርደው መስኮቷ ሥር ተቀመጡ። ሱቁ የጓሮ በር አለው። ታየች ልትወጣበት ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ በከፈተችው ቁጥር ሰባቱ እዚያም ተቀምጠው ይጠብቋታል።