በስልክ የተለካ ቀሚስ

ጉንጮና የልብስ ሰፊው ልጅ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አይነጣጠሉም ነበር። ጉንጮ የተባለችው ጉንጯ «ቆንጥጡኝ ቆንጥጡኝ» ስለሚል ነው። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ብትቀይርም ቤታቸውን የሚለየው ሁለት ቅያስ ነው። ግን ስልክ እጃቸው ገባና እግራቸው አጠረ። ቀኑን ሙሉ ይጻጻፋሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ፊት ለፊት ከተያዩ ግን አራት ወር ሆኗቸዋል።

ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ቀን ሲቃረብ ጉንጮ አዲስ ቀሚስ አማራት። «ነይና ለኪኝ» ብላ ጻፈች።

የልብስ ሰፊው ልጅ አልጋዋ ላይ ተዘርራ ነበር። «አንቺው ተለኪና ቁጥሩን ላኪልኝ» አለቻት።

«እግርሽ ተሰበረ እንዴ?»

«በሁለት በኩል!» ከሥሩም አምስት የሚስቁ ፊቶች ደረደረች።

በማግስቱም ጉንጮ «ነይ እንጂ» አለች። መልሱ ያው ሳቅ ሆነ። በሦስተኛው ቀን የደረት፣ የወገብና የቁመት ልክ ተጽፎ መጣ።

አባትየው በእጅ ያልተለካ ሰው ልብስ ላይ መቀስ አያነሳም። ልጁ ከስልኳ ቁጥሩን የገለበጠችበትን ወረቀት አየት አደረገና ከመነጽሩ በላይ ተመለከታት።

«አንቺ ልጅ፣ በሜትር ለክተሻታል?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ውሸት እንዲህ ቀላል ነው፤ ቀና እንኳ አላለችም። አባትየው አመናትና ጨርቁን ቆረጠ።

ቀሚሱ ያለቀው በመዝጊያው ዋዜማ ነው። የምትልከው ሰው ስላጣች ራሷ ይዛው ሄደች። መንገዱ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ያን ጊዜ ነው ማፈር የጀመረችው።

የጉንጮ እናት በሩን ከፈቱ። «መጣሽ ልጄ? በር በተንኳኳ ቁጥር አንቺ እየመሰልሻት...» ብለው ወደ ጉንጮ ክፍል መሯት።

ጉንጮ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ወንበር ላይ የመድኃኒት ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ጉንጭ የሚባል ነገር የላትም። ቀሚሱን ስትለብሰው ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ወገቡ ሌላ ሰው ያስገባል።

«የላክሽልኝ ቁጥር...»

«የአምናው ነው» አለች ጉንጮ።

«ለምን?»

«በጣም አሞኛል ብሎ መጻፍ ከበደኝ። ስትለኪኝ ታዪኛለሽ ብዬ ነው። ሁለቴ ጠራሁሽ እኮ።»

የልብስ ሰፊው ልጅ ይቅርታ ለማለት አፏን ከፍታ ለቅሶ ቀደማት። ለማጥበብ ጊዜ የለም፤ መዝጊያው ነገ ጠዋት ነው። የጉንጮ እናት መርፌ ቁልፍ ፈልገው አመጡላት። ቀሚሱን ከኋላ እየሰበሰበች መውጋት ጀመረች። የጉንጮ የጀርባ አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል። እንዳይወጋት በግራ እጇ ቆዳዋን እየከለለች አሥራ አንድ መርፌ ቁልፍ ጨረሰች።

በማግስቱ የመዝጊያው ፎቶ ስልክ ላይ ተለቀቀ። ጉንጮ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፣ ፈገግ ብላለች። ከሥሩ ልብ በልብ ሆነ። «ልክክ ብሎብሻል!» «ቅጥነትሽ ያስቀናል፣ ምስጢሩን ንገሪን!» ይላሉ።

የልብስ ሰፊው ልጅ እንደ ልማዷ ልብ ልትልክ ጣቷን አነሳችና ተወችው። ጉንጮ ግድግዳውን የተደገፈችው ለምን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ አድናቂ መካከል የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም አራት ወር ዘግይታ ነው ያወቀችው።