ኮሸሽላው ያናደደኝ ዕለት

ጎረቤቴ ላቮን ቻደን ወንዙ ዳር ያለውን መሬቷን ላታርስ ለመንግሥት ፈርማ፣ በየጥቅምቱ ድጎማ ትቀበላለች። ባለመሬትን እንዳያርስ መክፈል ስንፍናን መግዛት ነው ብዬ በወረዳችን ጋዜጣ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ቢሆንም ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ሳታጣ የኖረችው በዚያ ድጎማ መሆኑን አውቃለሁ።

በእኛ በአዮዋ ግዛት የመበለት ማሳ ኮሸሽላ ከወረሰው፣ አላገዛትም ተብሎ የሚታማው ጎረቤቷ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ኮሸሽላው ከመንገድ ይታያል። በሰኔ ወር አንድ ቀን ጠዋት ላቮን ሐኪም ቤት ስትሄድ ጠብቄ ማጨጃዬን ከትራክተሬ ጀርባ አሰርኩና ማሳዋ ገባሁ። አልጠየቅኳትም። እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል እንዴ?

ሁለት ዙር እንደሄድኩ አንዲት የዱር ዶሮ ከጎማው ፊት ተስፈንጥራ በረረች። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ሣሩ ውስጥ አሥራ አንድ እንቁላል ተደርድሯል፤ ስነካው ገና ይሞቃል። ስድሳ ሦስት ዓመት እዚሁ ስኖር ጎጆዋን አይቼ አላውቅም ነበር። ተንበርክኬ ስቆጥር ላቮን ከሐኪም ቤት ተመልሳ ከኋላዬ ደረሰች።

«ኦሪን! ምን እያደረግህ ነው?»

«ላጽዳልሽ ብዬ ነዋ።»

«ማን አጽዳ አለህ? ወፎቹ ፈልፍለው እስኪጨርሱ፣ እስከ ሐምሌ ማብቂያ፣ አይታጨድም ብዬ ፈርሜያለሁ! ውሉ ከፈረሰ የስድስት ዓመቱን ድጎማ መልሺ ነው የሚሉኝ። ቤቴን ልሽጥ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሦስት ጊዜ የሰደብከውን ውል ያነበብከው መስሎኝ!»

አላነበብኩትም ነበር።

በማግስቱ፣ ላቮን ስላሳወቀች፣ ከእርሻ ጽሕፈት ቤት ጃኔል የምትባል ወጣት መጥታ የታጨደውን ለካች። ነገር መፈለጌ አልቀረም።

«እሺ ልጄ፣ መንግሥት ለአንዲት ዶሮ ነው እንዲህ የሚከፍለው?»

«ለአፈሩም ነው፤ ሌሊት ዘንቧል አይደል? ይምጡ፣ የሁለታችሁ ማሳ ውሃ የሚወርድበትን ቦይ ይዩ።»

ሄድኩ። ከላቮን ሣር የሚወጣው ውሃ ጠጠሩን ያሳያል። ከእኔ በቆሎ የሚወርደው ጭቃ ነው፤ እጄን ብከትበት ጣቶቼ አልታይ አሉኝ። ያ ጥቁር አፈር አባቴ የሚኮራበት ነበር። በየዓመቱ ስንት ይሄድ ይሆን? ጃኔልን ጠየቅኳት፤ አልተለካም አለች። መለካት እንደሚቻል እንኳ አላውቅም ነበር።

«ላቮን ሳታውቅ መታጨዱን የሚገልጽ ጽሑፍ ካለ ውሉ ሊድን ይችላል» አለች። «የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል።»

አብራን የነበረችው ላቮን ሳቀች። «ደስ ይበልሽ፣ መጻፍ ይወዳል!»

የትራክተሩን ኮፈን ጠረጴዛ አድርጌ ጻፍኩ፦ ያለ ባለመሬቷ ፈቃድና ዕውቀት ያጨድኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ብቻ ነው። ጋዜጣ ላይ እንዲህ አጭር ጽፌ አላውቅም። ስጨርስ ላቮን እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን።»

«የምኑን?»

«የትራክተሩን። አንተን አላምንም።»

ሰጠኋት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ፦ ውሉ ጸንቷል፤ የሚቀነሰው የታጨደው የሁለቱ ዙር ድጎማ ብቻ ነው። እሱን እኔ ልክፈል ብያት ቁልፌን ልቀበል ሄድኩ።

«ሐምሌ ሲያልቅ» አለችኝ በሩን ገርበብ አድርጋ።

«እሺ። ዶሮዋስ ተመልሳለች?»

«ሂድና እይ። በእግርህ!»

ሄድኩ።