ባርናቢ የተጠመቀ ዕለት

የእኔ ጥፋት ውሃውን ማሞቄ ነው። የእንግሊዟ ኖርፎክ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የቤተ ክርስቲያናችን የጥምቀት ገንዳ ስድስት መቶ ዓመት ሲቀዘቅዝ የኖረ ድንጋይ ነው። ዙሪያውን የተቀረጹት ቅዱሳን ድሮ በተነሣ ግርግር አፍንጫቸው ተቀንጥሶ ቀርቷል። የልጅ ልጄ የባርናቢ ጥምቀት የካቲት ብርድ ላይ ሲውል አንጀቴ አልችል አለና፣ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ፍል ውሃ አምጥቼ ቸለስኩበት።

አክስቴ ቲርዛ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። በምርኩዟ እየተመረኮዘች መጣችና ጣቷን ነከረች።

«ምንድነው ይሄ? ሻይ ልታፈይበት ነው?»

«ልጁን እንዳይበርደው ብዬ ነው፣ አክስቴ።»

«ይብረደው እንጂ። ካልበረደው በምን ያለቅሳል?»

በእኛ መንደር ሕፃን ገንዳው ላይ ካላለቀሰ ሰይጣኑ አልወጣለትም፣ ዓመትም አይሞላው ይባላል። እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው ነው የማፈሰው። ቲርዛ ግን ታናሽ ወንድሟ ኧርነስት እዚሁ ገንዳ ላይ ጭጭ ብሎ ተጠምቆ፣ ገና በእግሩ ሳይሄድ ሲቀበር በዓይኗ አይታለች። በዚህ ልቀልድባት አልሆነልኝም። ውሃውን ልደፋው ስል ደግሞ ቄሱ ገቡ።

ባርናቢ አንዴ ውሃ ፈሰሰበት፤ ዝም። ሁለተኛው ላይ አዛጋ። በሦስተኛው የቄሱን መነጽር መንትፎ ሳቀ፣ ሰዉም አብሮት ሳቀ። ቲርዛ ክንዴን ጨበጠች።

«ቆንጥጪው።»

«እናቱ ቆማ እያየች?»

«ዞር ስትል ቆንጥጪው እልሻለሁ።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፎጣ የማስተካክል መስዬ ጭኑን ቆነጠጥኩት። ያ ከይሲ የኮረኮርኩት መስሎት ጭራሽ ተንከተከተ።

መዝሙሩ አልቆ ሰዉ ኬክ ወደተዘጋጀበት አዳራሽ ሲሄድ ቲርዛ ከወንበሯ አልተነሣችም። የባርናቢ እናት፣ ልጄ ጄማ፣ ነገሩን ባታውቅም አሮጊቷ ብቻዋን መቅረቷን አይታ ልጁን እቅፏ ላይ አኖረችላት።

«እስቲ ይሳሙት፣ እማማ።»

ቲርዛ ጎንበስ ብላ ጉንጩን ሳመችው። አገጯ ላይ ያሉት ፀጉሮች የጫማ ብሩሽ ይወጣቸዋል። ባርናቢ ቀና ብሎ አያት፣ ከንፈሩን ጣለ፣ ከዚያ ጣሪያ የሚያስነሣ ለቅሶውን ለቀቀው። ቄሱ ሳይቀሩ ኬካቸውን እንደያዙ ተመለሱ።

ጄማ ደንግጣ ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አለቻት ቲርዛ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ። «ፀጉሩ ገና እርጥብ ነው። ለቅሶው ይቆጠርለታል።»

ደግማ ሳመችው።