የአማዶር ትራፊ

…ስለዚህ ስኳር የለውም፣ ከየት አምጥቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሻማው ሥር ያደረ ዳቦ ነው፣ አማዶር መጥቶ ጸጋውን ወስዶታል፣ የቀረው ገለባው ነው፣ ገለባ ደግሞ ማንን ገድሎ ያውቃል፣ እያለች ኤሊሂያ ከራሷ ጋር ትሟገታለች። ገና ከመረብ አልጋዋ አልተነሳችም። እግሯን ሲሚንቶው ላይ አሳርፋለች፣ ቅዝቃዜው አይሰማትም፣ እግሯ ከደነዘዘ ቆይቷል፣ ሆዷ ግን አልደነዘዘም። ይጮኻል። እሱ መች ታመመ።

ነግቷል፣ ዶሮዎቹ ጓሮውን ይጭራሉ፣ ልጇ ኒዲያ ከጉድጓዱ ውሃ ትቀዳለች፣ የባልዲው ድምፅ ይሰማል፣ ጠረጴዛው እንደ ትናንቱ ነው፣ ራሷ የጠለፈችው ነጭ ጨርቅ፣ አረንጓዴው መስቀል፣ ባሏ አማዶር ኮፍያውን አዘንብሎ የተነሳው ፎቶ፣ በቅል የቀረበለት ትኩስ ቸኮላት ቀዝቅዞ ቆዳ አበጅቷል፣ ሲጋራውም አለ፣ አልተለኮሰም። ዳቦው መሃል ላይ። ላዩ ላይ ስኳር ተነስንሶበታል፣ በቀኝ ዓይኗ እያንዳንዷን ቅንጣት ታያለች፣ በግራው የምታየው እርጥብ እንጨት ሲጨስ የሚወጣ የመሰለ ግራጫ ነገር ብቻ ነው።

በከተማቸው በተማሽ ይህን የማያውቅ የለም፣ ሙታን በዓመት አንዴ ወደየቤታቸው ይመጣሉ፣ የቀረበላቸውን ይበላሉ፣ ሲበሉ ታዲያ ምግቡን አያጎድሉትም፣ የሚወስዱት ጣዕሙን ነው፣ ጠዋት ቤተሰቡ የሚበላው ትራፊያቸውን ነው፣ ትራፊው ደግሞ አፍ ውስጥ ወረቀት ወረቀት ይላል፣ እናቷ እንዲህ ትል ነበር፣ ቄሱ እንኳ ሰምተው ዝም ነው የሚሉት። አምናም ይህንኑ ብላ ነው የበላችው። ኒዲያ ያኔ ሜሪዳ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራ ነበር፣ ከልካይ የለ፣ ሳምንቱን ሙሉ የአማዶርን ትራፊ በላች፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ከመሬት ሥር በጋለ ድንጋይ የበሰለውን የበቆሎ ሊጥና የሥጋ ፒብ፣ የአሳማው ስብ በጣቶቿ መሃል እየወረደ፣ በስኳር የተቀቀለውን ፓፓያ፣ ዳቦውን፣ የስኳር በሽታ ክኒኗንም ተወችው፣ ጸጋው ለተወሰደ ምግብ ምን ክኒን ያስፈልገዋል። ከዚያ አንድ ጠዋት ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታት።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፣ አፏ ሁሉ መጽሐፍ፣ እማማ፣ የደምዎ ስኳርም ኮሌስትሮልም እጅግ ከፍ ብለዋል፣ ዓይንዎ ውስጥ ደም ፈስሷል፣ የግራውን መመለስ አይቻልም፣ ቀኙን ለማትረፍ ግን አመጋገብዎን ማስተካከል ግዴታ ነው፣ በቅርቡ ምን ይመገቡ ነበር? ምንም፣ ትራፊ። የምን ትራፊ? የባሌን። ባለቤትዎ አብረውዎት ነው የሚኖሩት? ኧረ ሞቷል። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠችና ኒዲያን አየቻት፣ ኒዲያ መሬት መሬቱን አየች፣ ኤሊሂያ ብቻ ናት ቀና ብላ የተቀመጠችው፣ ምን ያሳፍራል፣ ቤቱ ለመጣ ሰው ማብላት ያሳፍራል?

ቀኙ ከሄደ ጥልፉም ይሄዳል። የኒዲያም ፊት። ይህን ማሰብ አትወድም።

ኒዲያ የሆቴል ሥራዋን ትታ ጠቅልላ መጣች፣ ከዚያ ወዲህ ያው ነው፣ ጠዋት እንደ ጎመን ያለ የቻያ ቅጠል የተቀቀለበት ውሃ፣ ቀን የተቀቀለ ዱባ፣ ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ፣ ሁለት ቀጫጭን የበቆሎ ቂጣ፣ ሦስተኛውን ስታነሳ ኒዲያ ታያታለች ብቻ፣ እሷ ማየቷ ከስድብ ይብሳል። እና ትናንት የአባቷን ፒብ በዘይት ጠብታ ልታበስል ተነሳች። ምን ልትሠሪ ነው አንቺ፣ ስብ የሌለው ፒብ? አባትሽ ይሄ ሸቶት መንገዱን ያገኘዋል? ያገኘዋል እማዬ፣ አባዬ የሚመጣው ለሆዱ ሳይሆን ላንቺ ብሎ ነው። ለኔ ብሎ! በሕይወት ሳለ እንኳ ምሳ ካልደረሰ ደጁን የማይረግጥ ሰው። ኒዲያ ሳቀች፣ ሳቋ የአባቷ ነው፣ ኤሊሂያም ልትስቅ ነበር፣ ግን እልህ ያዛት፣ እልህ ሳይሆን ፍርሃት ነው፣ ባይመጣስ፣ ዘንድሮ ባይመጣስ።

ኒዲያ ዳቦው ላይ ብቻ ተረታችላት። እሺ፣ አንድ ዳቦ፣ የሚወደውን፣ ግን ጠዋት ለጎረቤታችን ለእትዬ ፌሊፓ ልጆች እወስደዋለሁ፣ እንዳትነኪው። አልነካም። አባዬ ይሙት በይ። አባትሽ ይሙት። ኒዲያ፣ እሱማ ሞቷል እኮ እማዬ፣ ይሄ አይቆጠርም፣ አለች፣ እውነቷን ነው፣ አይቆጠርም፣ ታዲያ ምን ይከለክለኛል፣ እያለች ኤሊሂያ ተነስታለች፣ በደነዘዘ እግሯ ወለሉን እየዳበሰች ጠረጴዛው ጋ ደርሳለች፣ እጇ ዳቦው ላይ ነው። ለስላሳ። ጫፉን ትቆርሳለች።

ወረቀት ይሆናል፣ አምናም ወረቀት ነበር፣ ፌሊፓ ስትጠይቀኝ ምንም ጣዕም የለውም፣ አማዶር ጥርግ አድርጎ በልቶታል አላልኳትም? ብያታለሁ።

አፏ ውስጥ ይሟሟል።

ቅቤው፣ ስኳሩ፣ ብርቱካን አለበት፣ እንቁላሉም ይታወቃል፣ ምራቋ ይሞላል፣ ጉንጯ ውስጥ የሆነ ቦታ ያማታል፣ ከመጣፈጡ የተነሳ ያማታል፣ ትንሽ ልታገስ፣ አሁን ይጠፋል፣ አይጠፋም። አልተነካም። ማንም አልቀመሰውም። ዘይቱ ነው፣ ኒዲያ ፒቡን በዘይት ስለሠራችው ሽታው አልደረሰውም፣ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ እያለች ልጇ ላይ ልታላክክ ትሞክራለች፣ አይሆንም፣ አምና ስቡ እየፈሰሰ አልነበረም እንዴ፣ አምናስ ምን ነበር፣ አንቺ ሴትዮ፣ እስቲ ዛሬ እንኳ እውነቱን ተናገሪ፣ ጣቶችሽን ስትልሺ አልነበር፣ ወረቀት ይላሳል? ጣፋጭ ነበር። አምናም ጣፋጭ ነበር። ጎረስሽ፣ ጣፈጠሽ፣ ወረቀት ነው አልሽ፣ ጣፋጭ ነው ካልሽ አልመጣም ማለት ነዋ፣ ቤቱ ባዶ ነው ማለት ነዋ፣ ስለዚህ ደግመሽ ጎረስሽ፣ ደግመሽ ወረቀት ነው አልሽ፣ አማዶር መጥቷል ለማለት ብለሽ ዓይንሽን አስበላሽ።

የባልዲው ድምፅ ቆሟል።

እማዬ። ኒዲያ በር ላይ ናት፣ እጆቿ እርጥብ ናቸው፣ ዳቦውን አየችው፣ የተቆረሰውን ጫፍ፣ የእናቷን ጉንጭ። አትቆጣም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። በላሽ፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ አባዬ ቀምሶታል ልትይኝ ነው አይደል፣ አምና ለእትዬ ፌሊፓ እንዳልሻት፣ በይው በቃ፣ እኔ ደክሞኛል እማዬ፣ ቀምሶታል በይኝና ልተውሽ።

ቀምሶታል ማለት ቀላል ነው። አንድ ቃል ነው። ቃሉ ከወጣ ዳቦው የሷ ነው፣ አማዶርም የሷ ነው፣ በየዓመቱ ይመጣል፣ ኮፍያውን አዘንብሎ፣ የመረብ አልጋውን ገመድ ሳይነካ አጠገቧ ቆሞ ያድራል፣ እሷም በጨለማዋ ውስጥ ሆና መምጣቱን ትሰማለች፣ ዓይን ለዚያ ምን ያደርጋል። የኒዲያን ፊት ታያለች። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። መቼ ነው እንዲህ የጠቆረው፣ አላየሁም፣ ይህን ሁሉ ወር ቂጣ ስትቆጥርብኝ እንጂ ፊቷን አላየሁም።

ኤሊሂያ መዳፏን ዘርግታ ያላመጠችውን ትተፋበታለች።

ጣፋጭ ነው ልጄ፣ ትላለች፣ ማንም አልነካውም፣ ውሰጂው ለልጆቹ።