የኤጀታ አክስቶች

እስቲ ንገሩኝ፤ ሰውን አሳስሮ ሲያበቃ፣ ሲሞት ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ከዘመድ ቀድሞ ደረቱን የሚመታ ሰው ምን ይባላል? አሶሳ ውስጥ «ጋሽ ደባልቄ» ይባላል። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበር፤ ዛሬ የእድሩ ሰብሳቢ ነው።

ቡሴ ባሏን ኤጀታን ትናንት ቀብራለች። ዛሬ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ደባልቄ ማይክራፎን ይዞ፣ «እኔና ወንድሜ ኤጀታ በዚያ ክፉ ዘመን ለእምነት ነፃነት አብረን ታግለናል» ሲል ሰማችው። የቤርታ ተወላጁ ጎረቤቷ ዓብዱልባሲጥ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ይሄ ሰውዬ መቼ ታገለ?»

«ታግሏልማ። የኤጀታን እጅ አሳስሮ።»

ዓብዱልባሲጥ ሳቁን በነጠላው አፈነ። ቡሴ ግን አልሳቀችም። ነገ ድንኳኑ ይነሣል። ዛሬ ማንም ካልተናገረ፣ ይህ ውሸት የባሏ ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ ነበር። ጴንጤ ተሰብስቦ መጸለይ ክልክል ነው፤ ለቅሶ ግን አይከለከልም። ስለዚህ ኤጀታ በየእሑዱ አንድ አክስት ይገድል ጀመር። የመንዲዋ ሞተች፤ የነጆዋ ተከተለች። ዓብዱልባሲጥ ሙስሊም ሆኖ ሳለ ለ«ለቅሶው» ግቢውን ለቀቀላቸው።

«ኤጀታ፣ አክስት ሁሉ አለቀ እኮ» ይለው ነበር። «ትንሽ አጎት ግደል።»

ደባልቄ ራሱ ለነጆዋ አክስት መጥቶ አልቅሷል፤ ንፍሮውንም ደጋግሞ በልቷል። በሌላ እሑድ ግን ከአብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ።

«የዛሬዋ ሟች ማን ናት?»

አንድ ስም መጥራት ይበቃ ነበር። ኤጀታ ብድግ አለ።

«አክስቶቼ አልቀዋል፣ ጓድ ሊቀ መንበር። የሞተ የለም። የተነሣውን ነው የምናመሰግነው።»

ደባልቄ እጁን የፊጥኝ አሳሰረው። እምነቱን ክዶ ቢፈርም ይፈታ ነበር፤ አልፈረመም። ከእስር ሲወጣ ጣቶቹ አይታዘዙትም ነበር።

«...እኔና ወንድሜ...» ደባልቄ ድንኳኑ ውስጥ ማይክራፎኑን እንደያዘ ቀጥሏል።

ቡሴ ተነሣች። ዓብዱልባሲጥ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። ሰዉ ልታመሰግነው የሄደች መስሎት መንገድ ለቀቀላት። ፊቱ ቆማ የኮቱን ቁልፎች ከታች ጀምራ አንድ በአንድ ቆለፈችለት። ደባልቄ እንደ ሕፃን ቆሞ ተቆለፈለት። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ።

«ለኤጀታ እስከሚሞት ድረስ እንዲህ ነበር የምቆልፍለት» አለች፤ እጇ የመጨረሻው ቁልፍ ላይ ቀርቶ። «ያን እጅ ማን አሳሰረው፣ ጋሽ ደባልቄ? ማይክራፎኑ በእጅዎ ነው። ሕዝቡ እየሰማ ይመልሱ።»