ሕመም የከዳው እግር

ሰኖባር በመጀመሪያ የጠረጠረችው ብርድ ልብሱን ነበር። በዚያ ክረምት ጋዝ ስለተቋረጠ የእናቷን ሰንደሊ ከጎተራ አውጥታለች፤ በወለሉ ጉድጓድ ፍም አፍስሳ፣ አጭሩን ጠረጴዛ በላዩ አቁማ፣ ጥጥ የተሞላ ብርድ ልብስ ደርባበታለች። እግራቸውን ከሥሩ ሰድደው ሻይ እየጠጡ፣ ባሏ ሸክላ ሠሪው ሆሺም፣ በሙያቸው «ኡስታ» የሚባሉት፣ የጎረቤታቸውን አህያ ወሬ ሲያወሩላት ቃጠሎ ሸተታት።

«የማሩፍ አባት፣ ብርድ ልብሱ ተያያዘ መሰለኝ!»

«አፍንጫሽ ከእኔ ቀድሞ አረጀ እንዴ?» አሉና ሳቁ።

ገለጠችው። ጥጡ ደህና ነበር። የሚጤሰው ፍሙን የረገጠው ቀኝ እግራቸው ነው፤ እሳቸው ግን ሳቃቸውን ገና አልጨረሱም።

ያ እግር የቤቱ ምሰሶ ነበር። ሰው የሚያመሰግነው ጭቃውን የሚያሳምረውን እጅ ይሁን እንጂ፣ ሳህኑን ክብ የሚያደርገው ከታች መዘውሩን የሚገፋው እግር መሆኑን የከተማቸው የሪሽቶን ሸክላ ሠሪዎች ያውቃሉ። ግራው ሊተካው ሞክሮ ያወጣው ሳህን እንደ ሰካራም አፍ ጠመመ። ሰኖባር በአመድ የበሰለ ሽንኩርት በበግ ላት ለውሳ ቁስሉን አሰረችው። «ምንም አያመኝም» እያሉ በቀኙ መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ ስለማያማቸው እሷም አመነች። ሽታው ከሽንኩርቱ ሲያልፍ ግን ወደ ሐኪም ወሰደቻቸው።

ዶክተር ዙልሁሞር ጥቁሩን ሥጋ በምላጭ ትቆርጥ ጀመር።

«ኡስታ፣ አመመዎት?»

«ምኑ? ጀመርሽ እንዴ?»

ሰኖባር ፊቷን አዞረች።

«አክስቴ፣ ይህ ጉብዝና አይደለም» አለች ዶክተሯ። «የስኳር በሽታቸው ነርቩን ገድሎታል፤ እሳት ቢነካው አይጮኽም። የደም ሥሮቹንም አጥብቧቸዋል፤ ቁስሉ የሚጠገንበት ደም እንደ ልብ አይደርሰውም። ጀርም የሚዋጋው የደም ወታደርም በስኳር ሰክሯል። ሽንኩርትና ላት እዚህ መሐል ምን ይሠራሉ?»

ኢንሱሊንና የጀርም መድኃኒት አዘዘች፤ ፋሻው እንዴት እንደሚቀየር አሳየቻት። «ከሁሉ በላይ አይረገጥበትም። የሚሽረውን ሥጋ የአንድ ቀን መርገጥ ያፈርሰዋል።»

«ካላመመኝስ?» አሉ ኡስታ።

«ሕመም ዘበኛ ነው፤ የእርስዎ ዘበኛ ሞቷል። ዝምታውን ሰላም ነው ብለው እንዳይተኙበት።»

«የተሰነጠቀ ሳህን እንኳ ሲያንኳኩት ይናገራል» ብለው አጉረመረሙ። «እኔ ከሳህን አነስሁ ማለት ነው።»

ክረምቱን ተቀምጠው አሳለፉት። ስኳሩ ወረደ፤ የቁስሉ ወለል እንደ ሮማን ፍሬ ቀላ። ዶክተሯ «ይህ ሕይወት ነው፤ ግን ገና ጨቅላ ነው» ባለች ጊዜ ሰኖባር አለቀሰች። ኡስታ ግን በየቀኑ ይጠወልጉ ነበር፤ ሻይ ይቀርብላቸዋል፣ ይቀዘቅዛል፤ ጣቶቻቸው በባዶ አየር ላይ የሌለ ጭቃ ያሽከረክራሉ። ልጃቸው ማሩፍ ከሩሲያ ሲደውል እንኳ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣቸውም።

የአፕሪኮቱ ዛፍ ባበበበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ከሥራ ቤቱ የመዘውሩ ጉርምርምታ ተሰማት። የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች በግቢው መካከል ቆመች። የዶክተሯ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ያ ድምፅ ግን ከሙሽርነቷ ጀምሮ የኖረችበት ድምፅ ነው፤ በውስጡ ባሏ እንደ ዱሯቸው ነበሩ። በሩን ገፋች።

«አያምዎትም?»

«እንደ ጎረምሳ እግር ነው! ሳህኑን እዪልኝ፣ ክብነቱን!»

ሻዩን ቀድታ ወጣች። በማግስቱም እንደዚያው። የድምፁ ደስታ ፋሻውን ከመፍታት አዘናጋት። በመጨረሻ ስትፈታው ሮማኑ ጠቁሮ፣ ከመግሉ መካከል አጥንት ነጥቶ ተመለከታት።

እግሩን ከጉልበት በታች ቆረጡት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሰኖባር የሰንደሊውን ጉድጓድ በአፈር ደፍናው ነበር። አልወቀሷትም፤ ወቀሳ ቢኖር ይቀላት ነበር። ከዚያ ወዲህ አመሻሹ ላይ የቀረውን ግራ እግር ጭኗ ላይ ታኖራለች። በጣቶቹ መካከል ታያለች፣ ውስጥ እግሩን ታገላብጣለች፣ ስንጥቅ፣ ውኃ የቋጠረ ቦታ፣ መቅላት ትፈልጋለች፤ የእጇ መዳፍ የሚያውቀውን ሙቀት ትመዝናለች።

አንድ ምሽት ኡስታ ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«በይ እንጂ፣ ልተኛ» አሉ። «ዛሬ አትጀምሪም?»

ግራ እግራቸው ግን ቀድሞውኑ በሁለት እጆቿ መካከል ነበር።