የበርገሩ ግማሽ

ጭሱ አልወጣ ብሎ ግቢው ውስጥ ተኛ። ሰይፈሥላሴ በካርቶን ቁራጭ ሲያራግብ ነበልባሉ ተነሥቶ ፍርግርጉን ብረት ይልሳል፤ እጁን ሲያሳርፍ ደግሞ ጭሱ ተመልሶ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ብረቱ ላይ ከደረደራቸው ጥፍጥፍ ሥጋዎች ግማሾቹ ተፈርክሰው ከሰሉ ላይ ወድቀዋል። የቀሩት ከታች አረው ከላይ ጥሬ ናቸው።

ቀና ሲል ልጁን አያት። ብፅዓት ከወጥ ቤቱ መስኮት ጀርባ ቆማ ታየዋለች። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ መጋረጃውን ለቀቀችው።

ወሩ ጥቅምት ነው። በለንደኑ ስቶክዌል ሰፈር ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ነው የዋለው። በዚህ አየር ደጅ ወጥቶ ሥጋ የሚጠብስ በሰፈሩ እሱ ብቻ ነው። የታችኛው ፎቅ ነዋሪ ስለሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ካከራየው ቤት ጋር መሐረብ የምታክል ግቢ ደርሳዋለች። ግቢዋ እስከ ዛሬ ከመጥረጊያና ከአሮጌ ወንበር ሌላ ነገር አስተናግዳ አታውቅም።

ሥጋውን አነሣና ጣለው። ሌላ የተፈጨ ሥጋ ከሳህኑ ዘግኖ ይጠፈጥፍ ጀመር። ይህ ካልሆነለት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

ልጁ ወደ ለንደን የመጣችው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። እሱ በሱዳን በኩል ሲሰደድ ገና አፏን በመፍታት ላይ ነበረች። እናቷ ከሞተች በኋላ አክስቷ አልታየሽ አሳደገቻት፤ ጨዋ አድርጋ አሳደገቻት። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሊያቅፋት እጁን ዘርግቶ ሲጠብቃት ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። «እንደምን ዋሉ፣ አባባ?» አለችው።

ዋሉ። ያን ቀን ደስ አለው፤ ልጄ ሥርዓት ታውቃለች አለ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ያው «ዋሉ»፣ ያው «ይብሉ»፣ ያው «እርስዎ» ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሌሎች ልጆች አባቶቻቸውን አንተ እያሉ ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን ይከታሉ። የእሱ ልጅ አንድ እርምጃ ከኋላው ትቆማለች። አንተ በዪኝ ሊላት ስንት ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ተለምኖ የሚገኝ አንተ ምን ያደርጋል?

ከዚያ ደግሞ ያ ቀን መጣ።

አውቶቡስ ሲያጥብ ውሎ ከጋራዡ እንደተመለሰ ጫማውን በማውለቅ ላይ ነበር። ብፅዓት ከትምህርት ቤት ዘግይታ ገባች። የኮቷን ቁልፍ ፈትታ ከደረቷ ሥር የወረቀት ከረጢት አወጣች። ጓደኞቿ ዋናው መንገድ ላይ ካለው ሱቅ ገዝተው ጋብዘዋት ነው።

«ከሁሉ የምወደው ይሄን ነው» አለች። «ግማሹን በላሁ። ግማሹ የእርስዎ ነው። እንዳይቀዘቅዝ ብዬ አቅፌው መጣሁ።»

ተቀበላት። ይሞቃል። ከመጣች ጀምሮ በእጇ የሰጠችው የመጀመሪያው ነገር ነበር። ወደ አፉ ሊያስጠጋው ሲል ስሙን ጠየቃት።

«ሃምበርገር።»

ሃም፤ የአሳማ ሥጋ። ከእንግሊዝ አገር ቃል ሁሉ ቀድሞ የተማረው ይህን ነው። በጋራዡ ምግብ ቤት በየሳንድዊቹ ፊት ቆሞ «ኖ ሃም» ሲል ስለሚውል ባልደረቦቹ ስሙን ትተው «ሚስተር ኖ ሃም» ይሉታል። በስደት ሲራብ ያልነካውን አሳማ ልጁ በደረቷ አቅፋ አመጣችለት። በርገሩን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተውና አፏን እንድትታጠብ አዘዛት።

ልጅቷ አንድ ቃል አልመለሰችም። ሄዳ ታጠበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቀረበላትን ትበላለች፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ትላለች፤ ክፍሏ ትገባለች። ሌላ ወሬ የለም።

ነገሩን ያፈረጠው ዐብዱ ነው። ዐብዱ ከሱዳን ጀምሮ አብሮት የተንከራተተ ወዳጁ ነው፤ ዛሬ ሚኒካብ የሚሉትን ታክሲ ይነዳል። ሰይፈሥላሴ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የደረሰበትን ሲያጫውተው ዐብዱ መሪውን ይዞ በሣቅ ተንፈራፈረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሃም ሌላ ሃምበርገር ሌላ። የበሬ ሥጋ ነው።»

«ስሙ ሃም እያለ?»

«ስሙ ከአንድ የጀርመን ከተማ የመጣ ነው ይባላል። አንተ ስሙን ሰምተህ ሥጋውን ፈረድክበት።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«እኔ እስላም ነኝ ሰይፉ። አሳማን ከአንተ አብልጬ ነው የምሸሸው። ያን ሥጋ የማልበላው ሲታረድ ቢስሚላህ ስላልተባለበት ነው እንጂ አሳማ ሆኖ አይደለም።»

 ሰይፈሥላሴ ከብዙ መንገድ በኋላ፣ አሁን ምን ብዬ ልንገራት፣ ብሎ ጠየቀ። ዐብዱ መሣቁን ትቶ ነበር።

«በእጅህ የጣልከውን በእጅህ አንሣው» አለው።

በማግሥቱ ዐብዱ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ሲያመጣት፣ ያ ምግብ ምኑ ነው የሚጣፍጠው ብሎ በጨዋታ ጠየቃት። ጭሱ፣ ብላ መለሰች፤ እሳት እሳት ይላል። ዐብዱም ከጃማይካዊ ጎረቤቱ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ክዳን ያለው በርሜል ተውሶ አመጣ። ጃማይካዊው በበጋ ዶሮ በጭስ የሚጠብስበት ነው። አጠቃቀሙን ግን ዐብዱም አልጠየቀ፣ ሰይፈሥላሴም አልጠየቀ።

እነሆ አሁን ከበርሜሉ ጋር ይታገላል። ሁለተኛውን ዙር ሥጋ ብረቱ ላይ አሰፈረና ካርቶኑን አነሣ። ጭሱ አጥሩን ተሻግሮ ሲሄድ ከወዲያ በኩል የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ። ጎረቤቱ ወይዘሮ ዶሪን ናቸው። ካኮረፈ ድመታቸው ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው በፍጥነት ይናገራሉ። ሰይፈሥላሴ ከንግግራቸው የያዘው ፋየር የሚለውን ብቻ ነው። እሳት አደጋ ሊጠሩብኝ ነው ብሎ ደነገጠ። ሶሪ፣ ሶሪ፣ ይላል፤ ካርቶኑን ከጀርባው ደበቀ።

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ብፅዓት የእሱን ነጠላ ጫማ ተጫምታ ወጣች። ወደ አጥሩ ቀርባ በዚያ ቶሎ በለመደችው እንግሊዝኛ ከአሮጊቷ ጋር ትነጋገር ጀመር። እሱ አንዴ የአንዷን አንዴ የሌላዋን ፊት ያያል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ሣቁ። ሣቁ በእሱ ላይ እንደሆነ ገባው፤ ሆኖም ልጁ ስትሥቅ ከሰማ ሰንብቷልና አልከፋውም።

«ቤት የሚቃጠል መስሏቸው ነው» አለችው። «አሁን ደግሞ ክዳኑ ለምን ተከፈተ ነው የሚሉት።»

«ካልተከፈተ በምን አራግበዋለሁ?»

«አይራገብም። ባላቸው በሕይወት እያሉ እንዲህ ሥጋ በጭስ ይጠብሱ ነበር። ከሰሉን ወደ ጎን ያድርጉት፣ ሥጋውን ወዲህ ያሽሹት፣ ከዚያ ክዳኑን ይክደኑና ይተዉት፣ አሉ።»

አሮጊቷ ከጓሮአቸው የፖም ዛፍ የተቆረጠ ጭራሮ በአጥሩ ላይ አቀበሏት። ከሰሉ ላይ ጣል ሲደረግ ጥሩ መዓዛ ይሰጣል ብለዋል። እንደተባለው አደረጉ። እሱ ከሰሉን ገፋ፤ እሷ ጭራሮውን እየሰበረች አቀበለችው፤ ክዳኑ ተከደነ። ከክዳኑ ጠርዝ ቀጭን ነጭ ጭስ ይወጣ ጀመር። ለወተት የታጠነ ቅል ዓይነት ሽታ አለው።

ከዚያ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ አልነበረም። አባትና ልጅ ከካፊያው ሸሽተው በሩ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ቆሙ። ሰይፈሥላሴ እጁ አላርፍ አለው። ወደ ክዳኑ ሲዘረጋ፣

«አይክፈቱት» አለችው።

እጁን ሰበሰበ። ዓይኑን ከበርሜሉ ሳያነሣ፣

«ጋሽ ዐብዱ ነገረኝ» አለ። «አሳማ የለበትም አለኝ።»

«አውቃለሁ።»

ዞሮ አያት። «ያን ጊዜም ታውቂ ነበር?»

«ትምህርት ቤት ጠይቄ ነበር። ያመጣሁልዎት አጣርቼ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «ተቆጡ። እቴቴ አልታየሽ፣ አባት ሲቆጣ መልስ አይሰጥም ብላኛለች።»

 እሱ በእነዚያ «ይብሉ» እና «ይጠጡ» ሲቀዘቅዘው፣ ለካ ልጅቷ እውነቷን ይዛ ከቃላቱ በስተጀርባ ተዘግቶባት ኖሯል። 

«አልታየሽ ልክ ናት» አለ። «እኔ ግን ስሳሳት መልሺልኝ። ያመጣሽልኝን መጣሌ ጥፋት ነው።»

 ልጅቷ ወደ ክፍሏ አልሄደችም።

ክዳኑን ሲያነሡት ሥጋው ቡናማ ሆኖ፣ ወዝ አውጥቶ፣ ሳይፈርስ ተቀምጧል። ብፅዓት ክቦቹን ዳቦዎች ሰንጥቃ አምጥታ ነበር። አንዱን ለወይዘሮ ዶሪን በአጥሩ ላይ ሰጠች። ሰይፈሥላሴ የራሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ አማተበና ገመጠ። የፖሙ ጭስ አፉን ሞላው። የሥጋው ወዝ በክንዱ ላይ ወረደ። በሕይወቱ የመጀመሪያውን በርገር እየበላ ነው።

አላመጠ፤ ዋጠ፤ ጢሙን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ይሄ ከሱቁ በስንት ይበልጣል» አለ በኩራት።

«ታዲያ አንተ የሱቁን መቼ ቀመስክና!»

ከአፏ አመለጠ። ብፅዓት በዳቦ የተሞላ አፏን በእጇ ሸፈነች። አጥር ወዲያ ድመቱ ይጮኻል። ካፊያው የበርሜሉን ክዳን ሲነካ እየተንጫጫ ይተናል።

ሰይፈሥላሴ ወደ ከሰሉ አጎነበሰ። ብሥቅ ታፍራለች፣ ብሎ አሰበ። ሰማሁሽ ብላት ቃሏን ትመልሰዋለች። ከሰል ማንቀሳቀሻውን አንሥቶ መነካካት የማያስፈልገውን ከሰል ነካካ። ዓይኑ ቢያረጥብ ጭሱ አለለት።

«እውነት ነው» አለ እንደዋዛ። «አልቀመስኩትም። ሰኞ ስትመለሺ ግማሹን አምጪልኝ።»

«ሙሉውን ልግዛ?»

«ግማሹን ነው የምፈልገው።»

ልጅቷ እጇን ከአፏ አወረደች። ለጥቂት ጊዜ አየችው። ቀጥሎ የተናገረችው ቃል አምልጧት አልነበረም።

«ይቀዘቅዝብሃል» አለች ቀስ ብላ።

«ከኮትሽ ሥር ያዢው» አለ ሰይፈሥላሴ፣ ክዳኑን እየገጠመ።